ሽማግሌ ወደ ወህኒ ቤት የላክሁ ጊዜ

የልጅ ልጆቼ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። ባለፈው ዓርብ ለሰንበት ቤቴ ተሰብስበው ሳለ ትልቋ፣ ዘንድሮ አሥራ አራት ዓመት የሞላት፣ ስልኳን አስቀመጠችና «ሳቭታ፣ አባ እስር ቤት በነበረ ጊዜ ምን ይሠራ ነበር? እሱን ስጠይቀው ‹ብረት› ይልና ዝም ይላል» አለችኝ። እዚህ ኢየሩሳሌም ያሉ ልጆች አያታቸውን ሳቭታ ነው የሚሉት፤ እኔም ለምጄዋለሁ። እናቷ በዓይኗ ተይ አለችኝ። አባቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ሳቅ አለና «ንገሪያቸው እማ። የሽማግሌዎቹን ነገር ግን እንዳትዘልዪው» አለ።

ባለቤቱ ከፈቀደ እንግዲህ እኔ ምን ቸገረኝ።

በአፌ ብነግራቸው ግማሹ ይፈሳል። የእነሱ አማርኛ አጭር ነው፣ የእኔ ዕብራይስጥ ደግሞ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጻፍሁት። ማን እንደሚያነብላቸው እነሱ ይወቁ! ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርሁት ስልሳን ካለፍሁ በኋላ ነው፣ ያስተማረችኝም እዚሁ ታሪክ ውስጥ የምትመጣ መነኩሲት ናት። ፊደሌ ተወላግዶ ብታገኙት የእኔ እጅ ጥፋት እንጂ የእሷ አይደለም።

ልጄ ሰው መትቶ ነው የታሰረው። ታልፒዮት ሰፈር ካለ መጋዘን ዕቃ ሲያወርድ ከሥራ ጓደኛው ጋር ተጣላ፤ ብረት አንስቶ መታው። ሰውየው ዳነ፣ ተመስገን። ዳኛው ፈረደበት፤ አበዛበት አልልም። ልጇ የሰው ደም አፍሶ ሳለ «የእኔ ልጅ ምን አደረገ» የምትል እናት አልወድም። አለቀስሁ፣ ግን ፍርዱ ላይ አላጉረመረምሁም።

መጀመሪያ ልጠይቀው የሄድሁ ቀን ስንቅ ይዤ ነበር። ቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ካለው ቤቴ ዳቦ ደፍቼ፣ ቆሎ ቆልቼ፣ በሶ ቋጥሬ፣ ወደ ሜዳው የሚወርዱ ሁለት አውቶቡሶች ቀያይሬ ደረስሁ። እኛ አገር እስረኛ የሚበላው ከቤቱ ነው። ስንቅ የሚያመላልስለት ያጣ እንደሆነ ሰሌን ሰፍቶ፣ ጥጥ ፈትሎ ሽጦ ይበላል፤ እጁ ካልሠራ የሌላውን እጅ ያያል። ዘመድ ባዶ እጁን በወህኒ ደጃፍ ቢታይ አገር ያወራበታል። በሩ ላይ የነበረችው ልጅ እግር ጠባቂ ኮረጆዬን ከፈተች፣ ቆሎውን በጓንቷ ዘገን አድርጋ አየችና ሳቀች። «እዚህ ምግብ አለ፣ ከውጭ ምንም አይገባም» አለችኝ በዕብራይስጥ። ኮረጆዬን ከበሩ አጠገብ አስቀምጬ ገባሁ።

ልጄም ሲሰማ ሳቀ። ታስሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«እማ፣ እዚህ የሚያበላኝ መንግሥት ነው። ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ የስልክ ካርዱን ደግሞ ከካንቲና በሥራዬ እገዛለሁ።» ካንቲና የሚሉት የእስር ቤቱን ሱቅ ነው።

«ምን ሥራ?»

«ብረት። ብየዳ ቤት አስገቡኝ። አልጋና መደርደሪያ እንሠራለን።»

ብረት ሲለኝ ልቤ ዘለለ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርሁ፤ ገና ጥርሴን ሳልነቅል ጀምሬ። ልጄ አያቱን አላየውም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ «ሞያው ባሕር ተሻግሮ በወህኒ በር ገባልህ» ብዬው፣ እየሳቅሁ እንባዬን ጠረግሁ።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ፤ ደህና ሠራ። በስልክ ሲደውል ድምፁ እየተመለሰለት ሄደ። ሺኩም የሚሉት ነገርም እንዳለ ነገረኝ፤ እስረኛን ወደ ሰው ኑሮ መመለስ ማለት ነው። ሥራውና ጠባዩ የተመሰከረለት ሰው ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ ከፈቀዱለት ጠዋት ከእስር ቤት ወጥቶ ከተማ ሠርቶ ይመለሳል፣ አንዳንድ ቀንም ቤቱ እንዲያድር ይለቁታል። ኮሚቴው በዚያው በሙቀቱ ወራት ሊቀመጥ ነበር። ይህቺ አሁን የጠየቀችኝ ልጅ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ሲያበቃ ኪታ አሌፍ፣ አንደኛ ክፍል ማለት ነው፣ ልትገባ ነው። ልጄ በደወለ ቁጥር ሌላ ወሬ የለውም።

«እማ፣ የዚያን ቀን እጇን ይዤ በሩ ድረስ አደርሳታለሁ። ይህቺን ብቻ እግዚአብሔር ይስጠኝ።»

ኮሚቴው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንድ ረፋድ ላይ ደወለ። በዚያ ሰዓት ደውሎ አያውቅም፤ ሥራ ላይ ነው።

«ምነው፣ አመመህ?»

«አላመመኝም። ሥራ አቆምሁ።»

«ምን አልህ?»

«እማ፣ በዚህ አገር ዝቅተኛ ደመወዝ የሚባል ሕግ አለ። ከዚያ አሳንሶ መክፈል ክልክል ነው። እኔ የሚሰጠኝ የዚያ ፍርፋሪ ነው። ይህን ለብየዳ ቤቱ አለቃ ስነግረው ‹እሱ ሕግ በሩ ላይ ይቆማል፣ እዚህ አይገባም› አለኝ። ጭምብሌን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። አህያ አይደለሁም።»

«ኮሚቴውስ? ልጅህስ?»

«እማ፣ ካርዱ አለቀ» አለና ዘጋው። ካርዱ እንዳላለቀ አውቃለሁ።

እናንተ እዚህ የተወለዳችሁ ልጆች ሁለት ሰው ሲጣላ የሚታያችሁ ጠበቃ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ደጁ ቆሞ ባዶ እጁን የሚመልስ ሰው የለም፤ ቢኖርም ስሙ በሰው መካከል አይነሳም። እኔም ያሰብሁት ይህንኑ ነው፤ ልጄ ከአለቃው ተጣልቷል፣ እንግዲያስ ሽማግሌ። ከሰፈራችን ሦስት አባቶችን ለመንሁ። እምቢ ያለኝ የለም። በነጋታው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ትልቁ ጭራውን ጨምሮ፣ አራት ሆነን አውቶቡስ ተሳፈርን። ሹፌሩ አይቶን «ሰርግ ነው?» አለ።

«ዕርቅ ነው» አለው ትልቁ።

ያን ቀን በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ የእኛው ልጅ ነበር፣ እዚሁ የተወለደ። ጋቢውን ሲያይ ደነገጠ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ የሦስቱንም ጉልበት ሳመ። ቀጥሎ በእጁ የያዘውን ወረቀት ተመለከተ።

«አባቶቼ፣ ስማችሁ የለም።»

«የት ነው የሌለው?» አለ ትልቁ ሽማግሌ።

«ዝርዝሩ ላይ።»

«ሽማግሌ በዝርዝር ነው እንዴ የሚገባው? እኛ እኮ ልንጠይቅ አልመጣንም፣ ልናስታርቅ ነው የመጣን። የብረት ቤቱን አለቃ ጥራልን።»

«አባ፣ እዚህ የሚያስታርቅ ሰው የለም፣ ኮሚቴ ነው ያለው።»

«ያም ሽማግሌ ነዋ! ስንት ናቸው?»

«ሦስት ይመስሉኛል።»

ትልቁ ወደ እኛ ዞረና «አላልኋችሁም?» አለ።

እንቁም አሉ፤ ቆምን። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ጠባቂው ውሃ አመጣልን፣ ወንበር አወጣልን፤ ውሃውን ጠጡ፣ ወንበሩን ግን «የሚለምን ሰው አይቀመጥም» ብለው መለሱት። ቀትር ላይ አንድ ራሰ በራ፣ አንገቱ ወፍራም ሰው መኪና እየነዳ ከውስጥ ወጣ። «እሱ ነው» አለ ጠባቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሦስቱም መንገዱ መካከል ወጥተው እጅ ነሱ። ሰውየው ፍሬን ያዘ፣ መስኮቱን አወረደ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

ጠባቂው እየተረጎመ፣ ትልቁ ሽማግሌ «ልጃችን አስቀይሞዎታል። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩልን። ከእግርዎ ሥር እንወድቃለን» አለ። ሰውየው አንዴ እነሱን አየ፣ አንዴ እኔን አየ።

«ነገ ጠዋት ሥራ ይግባ በሉት» አለና መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። አቧራው ጋቢያቸው ላይ ቀረ።

«ባዶ እጃችንን» አለ ትልቁ። ወዲያው አውቶቡስ ተሳፍረን ተመለስን። ሽማግሌዎቹን ከቤታቸው አስወጥቼ ያዋረድኋቸው እኔ ነኝ፤ ያን ራሰ በራ ግን በልቤ ረገምሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ልጄ ደወለ፤ ሰላምታም የለ።

«እማ፣ አዋረድሽኝ! ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ነው። ‹ሽማግሌዎችህ መቼ ይመለሳሉ? ለእኔም ሲጋራ ይለምኑልኝ› ይሉኛል። ለፍርፋሪ ልመለስ ብለሽ የሰው እግር ላይ ታስወድቂያለሽ?»

ሥራ አልገባም። ሳምንት አለፈ።

እኔ ሲጨንቀኝ የሚያስብልኝ እግሬ ነው። ቤት ከተቀመጥሁ ልቤ ይታፈናል፣ ስለዚህ እዞራለሁ። ልጆቼ «የት ጠፋሽ?» ሲሉኝ «ስሄድ» እላቸዋለሁ፤ ሌላ መልስ የለኝም። ያን ሰሞን በዚህ ከተማ ያልረገጥሁት ድንጋይ የለም። ከዕለታት አንድ ቀን ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፍሁ። ጠባብ መንገድ ናት፤ በግራም በቀኝም የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ዛፍ፣ በቀትርም ጥላዋ ይቀዘቅዛል። ከኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያን በር አለፍ ብሎ ካለ ደረጃ ላይ ዐረፍ አልሁ። ግቢው አልገባሁም፣ የእኔ ሃይማኖት የአይሁድ ነው። ግን አማርኛ የሚሰማበት፣ እኔን የሚያውቀኝ ደግሞ የሌለበት ቦታ አስፈልጎኝ ነበር። በሰፈሬማ ወሬው ከእኔ ቀድሞ እየገባ ተቸገርሁ።

አንዲት መነኩሲት ሽንኩርት በፌስታል ይዛ ከገበያ ስትመለስ አጠገቤ ቆመች።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? አመመዎት?»

«አላመመኝም እማሆይ፣ ተቀምጬ ነው።»

«መቀመጥዎንማ አያለሁ። ድንጋዩ ይበርድዎታል» ብላ ገባችና የምንጣፍ ቁራጭ ይዛ ተመለሰች። «ከወዴት ነዎት?»

«ጎንደር። በወገራ በኩል።»

«እሰይ! እኔ ደግሞ ደምቢያ!»

ተያይተን ሳቅን። አገራችን ብንሆን እሷ የእኔን ደጅ አትረግጥም፣ እኔም ከእሷ ማሰሮ ውሃ አልጠጣም ነበር፤ እንዳንነካካ ነው ያደግነው። እዚህ ግን በአንድ ምንጣፍ ቁራጭ ላይ ጎንደር ለጎንደር ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ አንቱታው ቀረ።

ለልጆቼ እንኳ ያልነገርሁትን ዘረገፍሁላት። ሽማግሌዎቹ ጋ ስደርስ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ይቅር በይኝ እህቴ። እኔም ብሆን የምልከው ሽማግሌ ነበር። ግን ልጅሽ የተጣላው ከሰውየው አይደለም፣ ከሕጉ ነው። ሕጉን ደግሞ አንቺም አላነበብሽው፣ እሱም አላነበበው።» እጇን ወደ መንገዱ ጫፍ ዘረጋች። «እዚያ ቤት ከወገናችሁ የሆነች ልጅ ተከራይታ ትኖራለች። ጠበቃ ናት። ሽንኩርት ሲያልቅባት ከእኔ ነው የምትበደረው፤ ስለዚህ እምቢ አትለኝም።»

ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ጠበቅናት። ብስክሌት እየገፋች መጣች። እኔ ጠበቃ ሲሉኝ ሽበት ያለው ሰው ነበር የጠበቅሁት፤ እሷ ግን በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች። አማርኛዋ እንደ እናንተው ነው። አንቱታም አታውቅም፤ እዚህ ያደገ ልጅ አንቱታን ከየት ያመጣዋል? ብስክሌቷን ግንቡ ላይ አስደግፋ በመካከላችን ተቀመጠችና እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሳቭታ፣ የተፈረደበት እስረኛ እንዲሠራ ሕጉ ያዝዛል። እምቢ ማለት፣ ኤክ ኦምሪም፣ እንዴት ይባላል... ጥፋት ነው። ደግሞ እስረኛ በሕግ ፊት ሠራተኛ አይባልም። ፍርድ ቤት ወስኖታል። ሠራተኛ ካልሆነ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ አይነካውም። የሚሰጡት ገንዘብ ለማበረታቻ ነው።»

«ቀኑን ሙሉ ብረት እየበየደ ሠራተኛ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«እስረኛ።»

«እጁ እኮ ያው ነው።»

«እጁ ያው ነው» አለች። «እኔም አልወደውም ሳቭታ። የማይወዱት ብዙዎች ናቸው። ግን ዛሬ ያለው ሕግ እሱ ነው። ሌላ ብነግርሽ እዋሽሻለሁ።»

ስላልዋሸችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ሰው ያዘነ ሲያይ ማር መቀባት ይቀለዋል።

መነኩሲቷ ጣልቃ ገባች። «ኮሚቴው ፈቅዶለት ከተማ ቢሠራስ? ያም ማበረታቻ ነው?»

ልጅቷ ቀና አለች። «አይደለም! እዚያ ነው ልዩነቱ። በሺኩም ወጥቶ ለውጭ አሠሪ ሲሠራ እንደ ማንኛውም ሰው ነው። ዝቅተኛው ደመወዝ ይገባዋል። ትሉሽም ይሰጠዋል።» ትሉሽ ሠራተኛ በየወሩ የሚቀበለው የደመወዝ ወረቀት ነው።

«እንግዲያው የሚለውጠው በሩ ነው» አልሁ። «ሲወጣ ሠራተኛ፣ ሲመለስ እስረኛ።»

«በሩ ነው። ግን ሳቭታ፣ ሥራ እምቢ ያለበት ቀን ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ኮሚቴው የሚያየው መዝገቡን ነው። ስንት ቀን ሆነው?»

«ዛሬ አሥራ አንድ።»

የብስክሌቷን ጎማ ነው ያየችው። ፊት ለማንበብ ደግሞ ፊደል አያስፈልግም።

«ቶሎ ይመለስ» አለች በመጨረሻ። «ቅሬታውን በጽሑፍ ለዳኛ ማቅረብ መብቱ ነው፤ እኔ እረዳዋለሁ። ግን እየሠራ ያቅርብ። መሥራት አፍን አይዘጋም በይው።»

«ስንት ልክፈልሽ ልጄ?»

«ከእማሆይ ጋር እንተሳሰባለን፤ የሽንኩርት ዕዳ አለብኝ።»

የጉብኝቱ ቀን እስኪደርስ ስድስት ቀን ነበረኝ። ስድስቱንም ቀን ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ተመላለስሁ። ልጅቷ ያለችውን መነኩሲቷ ቃል በቃል አስጠናችኝ፤ «‹ማበረታቻ› ነው ያለችው እንጂ ‹ስጦታ› አላለችም፣ አትቀላቅዪ» እያለች። ፊደል የጀመርነውም ያኔ ነው። አንድ ቀን «ሕግ» ብላ በጠመኔ ደረጃው ላይ ጻፈችልኝ።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ሁለት ፊደል ነው?» አልኋት።

«ሲጽፉት ነው ቀላሉ» አለችኝ።

ልጄን ሳገኘው ከስቶ ጠቁሮ ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠና ዙሪያውን ተመለከተ።

«ሽማግሌዎችሽን አላመጣሻቸውም?»

«አላመጣኋቸውም። ሕጉን ነው ያመጣሁልህ።»

እንዳስጠናችኝ አንድ በአንድ ነገርሁት። ምንም አልሸሸግሁም።

«እና ሕጉ ራሱ ሠራተኛ አይደለህም ይለኛል?»

«ይልሃል።»

የአባቴን ነገር አነሳሁበት። የአገሬው ገበሬ በመንገድ ሲያየን ቡዳ ናቸው ብሎ ይሸሸናል፤ ማረሻው ሲዶለዱም ግን እኛው ደጅ ነው። የሚከፍለው በመኸር ነው፣ በእህል፣ ሰፋሪውም እሱ ራሱ ነው፤ ሲሰፍር ያጎድላል። አባቴ እህሉ ጎደለ ብሎ ማረሻ አጉድሎ አልመታም።

«አባትሽ እስረኛ አልነበረም» አለኝ። «ካልፈለገ መሄድ ይችል ነበር።»

«ወዴት?»

ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የታወቀኝ። አባቴ መሬት አልነበረውም፤ የምንኖረው በሰው ርስት ላይ ነበር። ስንት ዓመት ያንን ታሪክ ስናገር አባቴ የተናደደ ቀን ነበረ ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጄን አየሁት፤ ተረት ልነግረው እንዳልመጣሁ ገባኝ።

«ንዴትህን አልቀማህም» አልሁት። «ልክ ነህ። ጻፈውና ዳኛ ያንብበው። እጅህ ግን ይሥራ። ልጅህ ኪታ አሌፍ የምትገባው አንድ ቀን ነው፤ እሱን ቀን ማንም አይደግምልህም።»

ጠረጴዛውን በጣቱ እየፈተገ ቆየ። ጠባቂዋ ሰዓቱ አለቀ ስትል ተነሣ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ።

«ጠበቃዋ ትሉሽ ይሰጠዋል አለች?»

«ብላለች።»

«ስሜ ይኖርበታል?»

«ስምህ ይኖርበታል።»

በማግስቱ ብየዳ ቤት ገባ። አሥራ ሰባት ቀን ሞልቶት ነበር። አለቃው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ጭምብልህ ካስቀመጥህበት ነው» አለው አሉ። ልጄ በጠበቃዋ እጅ ቅሬታውን ጽፎ ለዳኛ አቀረበ፤ ዳኛው አንብቦ ሕጉ ያው ነው ብሎ መለሰለት። ተሸነፈ። «ግን እማ» አለኝ፣ «ስሜን ጠርቶ ነው የመለሰልኝ።»

ኮሚቴው በተቀመጠ ቀን እኔና መነኩሲቷ ደረጃው ላይ ስልኬን በመካከላችን አድርገን ተቀመጥን። እሷ በግዕዟ ታጉተመትማለች፣ እኔ በራሴ ቋንቋ እለምናለሁ፤ አንዱ አምላክ ሁለታችንንም ይስማን እያልን። ጠበቃዋ አስቀድማ ነግራኛለች፤ አሥራ ሰባት ቀን ከባድ ነው፣ ተስፋሽን አታብዢ ብላኛለች። ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ ፈቀዱ!»

«ምን አሉህ?»

«ስለመታሁት ሰው ጠየቁኝ። ስለ ልጄ ጠየቁኝ። መዝገቡን ገለበጡ፣ ገለበጡ። ስለ አሥራ ሰባቱ ቀን ግን አንዲት ቃል አላነሡም።»

መነኩሲቷ እልል አለች፤ በዚያ ጸጥ ባለ መንገድ መስኮት ተከፍቶ ሰው ብቅ አለ። ጠበቃዋ ግን ስትሰማ ግራ ገባት። «እንዴት አላዩትም?» አለች። «እግዚአብሔር ዓይናቸውን ያዘልን» አለቻት መነኩሲቷ። እኔም እንደዚያው አመንሁ።

አንቺ ልጅ፣ የጠየቅሽኝ፣ የመጀመሪያውን የትምህርት ቀን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። አባትሽ ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ነው የተኮሰው። ቦርሳሽ ከአንቺ ይበልጥ ነበር። እጅሽን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ እኔ ከኋላችሁ ነበርሁ። «አባ፣ አጥብቀህ ያዝኸኝ፣ ያመኛል» አልሽው። ላላ አደረገልሽ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ደግሞ አጠበቀ። በሩ ላይ ስትገቢ ዞረሽ አላየሽውም፤ ደስ ብሎሽ ሮጥሽ። እሱ አጥሩን ይዞ ቆመ። «በቃ፣ እንሂድ» ስለው «ትንሽ እማ» አለኝ። ከዚያ ከፍ ያለ ነገር እግዚአብሔርን ለምኜ አላውቅም፤ ስለዚህ ካገኘሁ በኋላ ምስጋና እንጂ ሌላ አልቀረኝም።

ከዚያም ታልፒዮት ካለ ብረት ቤት ሥራ ገባ፤ ጠዋት ይወጣል፣ ሲመሽ ወደ እስር ቤቱ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ትሉሽ ይዞልኝ መጣ። ዕብራይስጥ ነው፣ እኔ አላነበውም። ጣቴን ይዞ ስሙ ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያ ዝቅ አድርጎ ሌላ ቃል ላይ አስቀመጠው። «ይህ ‹ሠራተኛ› ይላል» አለኝ። ቅጂውን ሰጠኝ፤ ከመታወቂያዬ ጋር አለ።

መነኩሲቷ ዛሬም አለች። እግሯ ደክሟል፤ በበዓል ቀን ወደ ዴር ሡልጣን ገዳም ስትወርድ ክንዷን ይዤ ከደረጃው ሥር አደርሳታለሁ፣ እሷ ትወጣለች፣ እኔ ጥላ ፈልጌ እጠብቃታለሁ። ጠበቃዋ አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ በየዓመቱ በበዓላችን በሲግድ ትደውልልኛለች፣ አማርኛዋም ተሻሽሏል። ያን ሰሞን ከጎኔ የቆሙትን ሁሉ በጸሎቴ አነሳለሁ። ሽማግሌዎቹን ግን ባገኘኋቸው ቁጥር አፍር ነበር። ሁለቱ አርፈዋል። ሁለቱም እስኪሞቱ ያን ቀን ባዶ እጃችንን ተመለስን ሲሉ ነው የኖሩት።

ያለፈው ዓመት፣ ልጄ ፍርዱን ጨርሶ ታልፒዮት የራሱን ብየዳ ቤት ከከፈተ ከዓመታት በኋላ፣ ምሳ ላደርስለት ሄድሁ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ የግቢ በር ሊያስበይድ መጥቶ ቆሟል። ራሰ በራነቱን ሳይ አወቅሁት፤ ጡረታ ወጥቷል። እሱም አወቀኝ።

«አንቺ የነጫጭ ለባሾቹ ነሽ» አለኝ።

የነገረኝ ይህንን ነው። ያን ቀን አልፎን ጥቂት ከነዳ በኋላ መኪናውን አዙሮ ተመልሶ ነበር፤ እኛ አውቶቡስ ተሳፍረን ሄደናል። ያንን የእኛን ልጅ፣ ጠባቂውን፣ «እነዚያ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጠባቂውም «እኛ ዘንድ ሽማግሌ ደጅ ከቆመ ባዶ እጁን አይመለስም» አለው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ፣ ያለፈውንም ቀን ጨምሮ፣ ልጄ እስኪመለስ ድረስ አለቃው መዝገቡ ላይ በልጄ ስም ትይዩ «መበየጃው ተበላሽቷል፤ ለእስረኛው ሥራ የለም» ብሎ በየቀኑ በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። ቦታውም ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ መበየጃውን በሸራ ሸፈነው። መበየጃው አንድም ቀን አልተበላሸም።